ዶክቶር አንድሪያስ ግሩንትሲግና የልብን ደም ሥር የሚከፍተው ፊኛ

በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ እንድንጽፍ በተነገረን ጊዜ ከጓደኞቻችን አብዛኞቹ የነገሥታትንና የጀግኖችን ታሪክ መረጡ። እኛ ግን የአንድ ሐኪም ታሪክ መርጠናል። ሐኪሙ ጀርመናዊ ሲሆኑ ስማቸውን ያስጠራውን ሥራ የሠሩት በስዊስ አገር፣ በዙሪክ ከተማ ነው። ስለዚህ እኚህን ሰው ከመርካቶ ጋር ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም።

ከትምህርት ቤታችን ደጅ ወጥቶ ወደ ምናለሽ ተራ የዘለቀ ሰው፣ አንዱ አሮጌ በርሜል ቀድዶ ምድጃ ሲያወጣ፣ ሌላው የተጣለ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ሲያበጅ ያያል። እዚያ ሰፈር የሚጣል ነገር የለም፤ ሁሉም ለአንድ ነገር ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። የዶክቶር ግሩንትሲግም ሥራ በጠባዩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ቱቦና ክር ዘርግተው፣ ማታ ማታ ሲቈርጡና ሲያጣብቁ ብዙ ጊዜ ከቈዩ በኋላ ነው ዛሬ በዓለም ሁሉ የልብን ደም ሥር ለመክፈት የሚያገለግለውን መሣሪያ ያገኙት። ደግሞ ሌላ ምክንያት አለን። የሰፈራችን ነጋዴ ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው ጨጓራዬ ነው፣ ወይም ብርድ መቶኝ ነው እያለ የዝንጅብል ሻይ ጠጥቶ ሱቁን መክፈት ልማዱ ስለ ሆነ፣ ይህ ነገር በየቤቱ ቢታወቅ መልካም ነው ብለን እናምናለን።

አስቀድመን ስለ ልብ ጥቂት እንበል። ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም የምትረጭ ጡንቻ እንደ ሆነች በክፍል ውስጥ ተምረናል። ዳሩ ግን ራሷ ልብ የምትመገበው በውስጧ ከሚያልፈው ደም አይደለም። በላይዋ ላይ ተጠምጥመው የሚወርዱ የራሷ ደም ሥሮች አሏት፤ የእነዚህም ስፋት በትልቁ ቦታ እንኳ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ሰው ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ፣ ይልቁንም ትምባሆ የሚያጨስ፣ የደም ብዛት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሲሆን፣ በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ስብ እየተጠራቀመ መንገዱን ያጠበዋል። የጠበበው ደም ሥር ሰውዬው ሲቀመጥ የሚበቃውን ደም ያሳልፍ ይሆናል፤ ዳገት ሲወጣ ወይም ከባድ ዕቃ ሲሸከም ግን አይበቃውም፤ ያን ጊዜ ደረቱን ያመዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተጠራቀመው ስብ ሽፋኑ ድንገት ሲሰነጠቅና ደም በላዩ ላይ ሲረጋ ነው። መንገዱ ፈጽሞ ይዘጋል፤ በዚያ በኩል ያለው የልብ ጡንቻም ግማሽ ሰዓት ያህል እንኳ ሳይቈይ መሞት ይጀምራል፤ ሞቱም በየሰዓቱ እየሰፋ ይሄዳል። ሕመሙ መካከለኛውን ደረት እንደ ከባድ ጭነት ይጫናል፤ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገትና ወደ መንጋጋም ሊሄድ ይችላል፤ ቀዝቃዛ ላብና ማቅለሽለሽ ይከተሉታል። በአንዳንድ ሴቶችና የስኳር በሽተኞች ዘንድ ግን ሕመሙ ሳይሰማ የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ስለሚችል ይበልጥ ያታልላል።

እንግዲህ ወደ ታሪካችን እንመለስ። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አንድሪያስ ግሩንትሲግ ጁን 25 ቀን 1939፣ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 18 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ተወለዱ። ሦስት ወር ሳይሞላቸው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ አባታቸውም በጦርነቱ ዘመን ሞቱ። እናታቸው ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው ከዘመድ ተጠጉ። ጦርነቱም ካለቀ በኋላ ኑሮው ስላልተቃና በ1950 ቤተ ሰቡ ውቅያኖስ ተሻግሮ እስከ አርጀንቲና ድረስ ተሰደደ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቈዩ ወደ ጀርመን ተመልሰው በላይፕሲግ ከተማ ተቀመጡ። በዚያም ልጁ ቶማስ በተባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ገብተው በማዕርግ ፈጸሙ። ጀርመን በሁለት ተከፍላ ስለ ነበር ላይፕሲግ የምሥራቁ ክፍል ናት፤ ወጣቱም እንደ ብዙዎቹ እኩዮቻቸው ወደ ምዕራብ ተሻግረው በሃይደልበርግ ዩኒቨርስቲ የሕክምና ትምህርት ተማሩ፤ በ1964 ትምህርታቸውን ጨረሱ። በ1969 ወደ ዙሪክ ሄደው በዩኒቨርስቲው ሆስፒታል ሥራ ያዙ።

ያን ጊዜ ስለ ልብ ደም ሥር ምን ይታወቅ ነበር? ብዙ ይታወቅ ነበር። በ1929 ቨርነር ፎርስማን የተባሉ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም በገዛ ክንዳቸው ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልባቸው ድረስ ከነዱት በኋላ፣ ወደ ራጅ ክፍል በእግራቸው ሄደው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ለዚህም በጊዜው የተረፋቸው ነቀፋ ነበር፤ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ከ27 ዓመት በኋላ በ1956 ነው። በ1958 አሜሪካዊው ዶክቶር ሜሰን ሶንስ የልብን ደም ሥሮች በቀለም ሞልተው በራጅ ማሳየት ቻሉ። በ1967 ደግሞ አርጀንቲናዊው ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ ከእግር በተወሰደ ደም ሥር የተዘጋውን ስፍራ ተሻግሮ የሚያልፍ አዲስ መንገድ በቀዶ ጥገና መሥራት ጀመሩ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ደረት ይከፈታል፤ በሽተኛውም ለማገገም ሳምንታት ያስፈልጉታል።

የግሩንትሲግን ሐሳብ ያነሣሣው ግን የልብ ሳይሆን የእግር ሕክምና ነው። በ1964 ቻርልስ ዶተር የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እግራቸው ሊቈረጥ ለነበሩ አንዲት የ82 ዓመት ባልቴት የእግራቸውን የጠበበ ደም ሥር፣ መጀመሪያ በቀጭን ቀጥሎ በወፈር ያለ ቱቦ ውስጥ ለውስጥ ገፍተው ከፈቱላቸው፤ ሴትዮዋም በገዛ እግራቸው ሄዱ። በአሜሪካ የነበሩ ቀዶ ጠጋኞች ነገሩን ከቁም ነገር አልቈጠሩትም። በአውሮፓ ግን የተቀበሉት ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ ጀርመናዊው ዶክቶር ጻይትለር ናቸው፤ ግሩንትሲግም ብልሃቱን ከእሳቸው ተማሩ።

የዶተር ብልሃት አንድ ጉድለት ነበረበት። ጠባብን መንገድ በወፍራም ቱቦ ለማስፋት ቱቦው ሲገባም ወፍራም መሆን አለበት፤ በገባበት በኩል ትልቅ ቀዳዳ ይተዋል፤ እንደ ሽብልቅ እየገፋ ስለሚሄድም ስቡን ቈርሶ ወደ ፊት ሊነዳው ይችላል። ከግሩንትሲግ አእምሮ የማይጠፋው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሲገባ ቀጭን፣ ከደረሰ በኋላ ወፍራም፣ ሲወጣ ደግሞ እንደ ገና ቀጭን የሚሆን ነገር ከየት ይገኛል? መልሱ ፊኛ እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ይመስላል። ችግሩ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ማንኛችንም ፊኛ ነፍተን እንደምናውቀው፣ ተራ ፊኛ የሚያብጠው በሚቀለው በኩል ነው። መካከሉን በጣታችን ብንይዘው በግራና በቀኝ ይወጠራል እንጂ ጣታችንን አይገፋም። በደም ሥር ውስጥም እንዲሁ፣ በጠበበው ስፍራ ላይ ተቀምጦ የጠበበውን ትቶ በጤነኛው በኩል ቢያብጥ ደም ሥሩን ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው ፊኛ ቅርጹ እንደ ቋሊማ የሆነ፣ ከተወሰነለት ውፍረት በላይ ምንም ቢነፉት የማያልፍ፣ ነገር ግን የጠነከረውን ስብ ለመግፋት ኃይል ያለው መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ ፊኛ በገበያ አልነበረም።

ሥራው የተጀመረው በዙሪክ ቤታቸው ውስጥ ነው። ቀን በሆስፒታል ይውላሉ፤ ማታ ሚስታቸው፣ የሥራ ረዳታቸውና የረዳታቸው ባል በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ፊኛው ከመጠን እንዳያልፍ በቀጭን የሐር መረብ ሊያለብሱት ሞከሩ፤ መረቡንም ያገኙት ከጫማ ክር ሠሪ ነው። (የጫማ ክር በሰፈራችን በየመንገዱ ይሸጣል፤ የልብ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ይገባል ብሎ የሚጠረጥር ግን የለም።) በኋላም ሃይንሪሽ ሆፍ የተባሉ በጡረታ ላይ የነበሩ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ፒቪሲ የሚባለውን የፕላስቲክ ዓይነት አመለከቷቸው። ይህ ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ግሩንትሲግም ከቱቦው ጥቂቱን ክፍል እያሞቁና በውስጡ አየር እየገፉ ያን የሚፈልጉትን የቋሊማ ቅርጽ ለማውጣት ታገሉ። ስንቱ ፈነዳ፤ ስንቱ ተጣመመ። በመጨረሻ ግን አዲሱ ፕላስቲክ ራሱ ጠንካራ ሆኖ ስለ ተገኘ የሐሩ መረብ ቀረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ይህ የወጥ ቤት ዘመን ነው። ታላቅ ግኝት ታላቅ ላቦራቶሪ ይፈልጋል ሲባል ስለምንሰማ፣ አንድ ሐኪም እንደ ባለ እጅ ተቀምጦ የራሱን መሣሪያ ሲያበጅ ማየት ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1974 በዚህ ፊኛ የመጀመሪያው የእግር ደም ሥር ተከፈተ። በእኛ አቈጣጠር የካቲት 5 ቀን 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ በአገራችን አብዮቱ የፈነዳበት ያው ወር ነው። ቀጥሎም ቱቦው ሁለት መንገድ እንዲኖረው ተደረገ፤ በአንደኛው ፊኛው ይነፋል፤ በሁለተኛው ከጠበበው ስፍራ ወዲያ ያለው የደም ግፊት ይለካል፣ ለራጅ የሚሆነው ቀለምም ይረጫል። በዚህም ሐኪሙ ደም ሥሩ መከፈቱን በግምት ሳይሆን በቍጥር ያውቃል።

ከእግር ወደ ልብ መሻገር ግን ሌላ ነገር ነው። የልብ ደም ሥር እጅግ ቀጭን ነው፤ ልብም አታርፍም፤ ፊኛው ተነፍቶ ሳለ ደም ስለማያልፍ በዚያች ጊዜ ልብ ልትቆም ትችላለች። ስለዚህ ግሩንትሲግ ፊኛውን ይበልጥ አሳንሰው በ1975 በውሾች ልብ ላይ ሞከሩ፤ ጤነኛውን ደም ሥር በክር አጥብበው እንደ ገና በፊኛ ይከፍቱት ነበር። ውጤቱን በ1976 በአሜሪካ አገር በማያሚ በተደረገው የልብ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ በግድግዳ ለጥፈው አሳዩ። ብዙዎቹ አይተው አለፉ፤ በሰው ልብ ላይ ይሠራል ብለው ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ። ካመኑት አንዱ የሳን ፍራንሲስኮው ዶክቶር ሪቻርድ ማይለር ናቸው። በ1977 በግንቦት ወር ሁለቱ ሐኪሞች በሳን ፍራንሲስኮ፣ ደረታቸው ለቀዶ ጥገና በተከፈተ በሽተኞች ላይ ፊኛውን ሞከሩት፤ ጉዳትም አላደረሰም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ደረቱ ያልተከፈተ፣ ያልተኛ፣ እያየና እየሰማ ያለ ሰው ነው። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977፣ ማለት መስከረም 6 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ እኛ አዲሱን ዓመት ከተቀበልን በአምስተኛው ቀን፣ በዙሪክ ዩኒቨርስቲ ሆስፒታል አንድ የ38 ዓመት ሰው በራጁ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። ሥራው ኢንሹራንስ መሸጥ ሲሆን ደረቱን ክፉኛ ያመው ነበር፤ የራጁም ፎቶግራፍ ከልብ ደም ሥሮች ዋነኛው በግራ በኩል ከመነሻው አጠገብ በአንድ አጭር ስፍራ ላይ ብቻ በጣም እንደ ጠበበ አሳይቷል። ለአዲሱ ብልሃት ከዚህ የተሻለ በሽተኛ አይገኝም። ሰውዬውም አደጋው ተነግሮት ደረቱ ከሚከፈት ይህ እንዲሞከርለት ወደደ። ቀዶ ጠጋኙ ፕሮፌሰር ኦከ ሴኒንግ፣ በ1958 በሰው ሰውነት ውስጥ የመጀመሪያውን የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የቀበሩት ሊቅ፣ ነገሩ ቢበላሽ ወዲያው ደረቱን ለመክፈት ከነረዳቶቻቸው ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። ይህንንም ልብ ልንለው ይገባል፤ ምክንያቱም አዲሱ ብልሃት ቢቃና ብዙ ቀዶ ጥገናን ሊያስቀር ይችላል፤ ሴኒንግ ግን አላደናቀፉም።

ቱቦው በብሽሽት በኩል ገብቶ ወደ ላይ ተነዳ። ከጠበበው ስፍራ በደረሰ ጊዜ ፊኛው ተነፋ። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ልብ ትቆማለች፣ ወይም ምቷ ይታወካል ብለው ሲጠብቁ፣ አንዳች ነገር አልሆነም። በሽተኛው የደረት ሕመም እንኳ አልተሰማውም። ፊኛው ተንፍሶ ለሁለተኛ ጊዜ ተነፋና ወጣ። ከጠበበው ስፍራ ወዲያ ያለው የደም ግፊት ከፍ አለ፤ በራጅ ሲታይም ደሙ እንደ ልቡ ይወርድ ነበር። ሐኪሞቹ ሁሉ ነገሩ ይህን ያህል በቀላሉ በማለቁ ተደነቁ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ግሩንትሲግ የመጀመሪያዎቹን አራት በሽተኞች ታሪክ ባለፈው ዓመት ብዙዎች አይተው ባለፉበት ጉባኤ ላይ ባስረዱ ጊዜ፣ ጉባኤተኛው በታላቅ ጭብጨባ ተቀበላቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው የሰውዬው ጠባይ ከግኝቱ የማያንስ ሆኖ አግኝተነዋል። እንዲህ ያለ ዝና ያገኘ ሰው የተቃናውን ብቻ ቢያወራ ማን ይጠይቀዋል? እሳቸው ግን በ1979 የመጀመሪያዎቹን 50 በሽተኞች ውጤት በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ሲያወጡ፣ የተሳካው በ32ቱ ብቻ መሆኑን ጻፉ። አምስት በሽተኞች በአስቸኳይ ወደ ቀዶ ጥገና እንደ ተወሰዱ፣ በሦስቱም የልብ ጡንቻ እንደ ተጐዳ ሳይደብቁ አስታወቁ። ቀደም ሲል ከኦገስት 1978 ጀምረውም ከየአገሩ ሐኪሞችን ወደ ዙሪክ እየጠሩ በሽተኛ ሲያክሙ በቴሌቪዥን በቀጥታ ያሳዩ ነበር። ነገሩ ሲቃናም ሲበላሽም እንግዶቹ እኩል ያያሉ። ባለ እጅ ፊቱ ሰው ቆሞ ሲያየው እጁ እንደሚከብደው የምናለሽ ተራ ልጆች ያውቁታል፤ በሰው ልብ ላይ ሲሆን ምን ያህል እንደሚከብድ ለመገመትም ያስቸግራል።

በ1980 ወደ አሜሪካ ሄደው በአትላንታ ከተማ በኤሞሪ ዩኒቨርስቲ ማስተማርና ማከም ጀመሩ። በዙሪክ የአልጋው ቍጥር አነስተኛ ስለ ነበር በሳምንት የሚታከሙት ጥቂቶች ነበሩ፤ በአትላንታ ግን ሥራው እጅግ ሰፋ። ዝናና ሀብትም አብረው መጡ፤ ባሕር ዳር ቤት፣ የራሳቸውም አውሮፕላን ነበራቸው። ኦክቶበር 27 ቀን 1985፣ ጥቅምት 17 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ክፉ አየር ባለበት ቀን ይህንኑ አውሮፕላን ራሳቸው እየነዱ ወደ አትላንታ ሲመለሱ በጆርጂያ ክፍለ አገር ወድቆ እሳቸውና ሐኪም የነበሩት ሁለተኛ ሚስታቸው አብረው ሞቱ። ዕድሜያቸው 46 ነበር። የሚገርመው፣ ያ ዓመት ለዚህ ሙያ የሐዘን ዓመት ነበር፤ ዶተርም ሶንስም በዚያው በ1985 ነው የሞቱት።

ግሩንትሲግ ያከሙት ደም ሥራቸው የጠበበባቸውን እንጂ በድንገት የተዘጋባቸውን እንዳልነበረ መጥቀስ ይገባል። ደም ሥሩ ተዘግቶ ልቡ በመሞት ላይ ያለችን ሰው ወዲያው ወደ ራጁ ጠረጴዛ ወስዶ በፊኛ መክፈት ቀጥለው በመጡ ሐኪሞች የተስፋፋ ሥራ ነው። ደግሞም ፊኛው የከፈተው ስፍራ ከብዙዎቹ ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይጠብ ስለ ነበር፣ ከ1986 ጀምሮ በፈረንሳይና በስዊስ አገር እስቴንት የምትባል የሽቦ መረብ በፊኛው ላይ ወይም በቱቦ እየገባች ደም ሥሩን ደግፋ እንድትቀር ተደረገ። ዛሬ ደንቡ፣ በሽተኛው እንዲህ ያለ መሣሪያ ካለው ሆስፒታል በደረሰ በ90 ደቂቃ ውስጥ ደም ሥሩ እንዲከፈት ነው፤ መሣሪያው ሩቅ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል። ያም ቢሆን የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

በአገራችን የልብ ሕመም ሲባል ለብዙ ዘመን የሚታወቀው ሌላ ነው፤ በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ቁስለት በኋላ የሚመጣው የልብ ቫልቭ ብልሽት። ዛሬም ብዙ ወጣቶችን የሚጐዳው እሱ ነው። ለዚህም ቢሆን ፊኛው አልራቀም፤ በ1982 ኢኖዌ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም የጠበበ የልብ ቫልቭን ያለ ቀዶ ጥገና በፊኛ ከፍተዋል። የደም ሥር መዘጋትም ከደም ብዛትና ከስኳር በሽታ ጋር በከተማችን እየበዛ ሄዷል። በአዲስ አበባ ጥቂት ሆስፒታሎች ይህን ሕክምና ይሰጣሉ፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤተ ሰብ ከባድ ነው፤ ከመርካቶም ተነሥቶ በጊዜ ለመድረስ የመኪናውን ብዛት ማለፍ አለ። ጨጓራ ነው እየተባለ በቤት ውስጥ ያለፈው ሰዓት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ እሱን ማንም ሐኪም አይመልሰውም።

ያ በዙሪክ የታከመው የመጀመሪያው በሽተኛ በ10ኛው ዓመት፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1987፣ ወደ አትላንታ ሄዶ ደም ሥሩ በራጅ ታየለት። ሐኪሙ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ስፍራው ክፍት ነበር። በ23ኛው ዓመትም እንደ ገና ሲታይ አልተዘጋም።